ሸክሙ የሞራሌው ነው

ልጄ፣ እንኳን ለራስሽ ቤት አበቃሽ። ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን እንደገዛሽ፣ ቅዳሜም ከባለቤትሽ ጋር ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት እንዳሰባችሁ እናትሽ ነገረችኝ። «ሄደህ ስቀልላቸው» ብላኛለች። እኔ ግን ራሳችሁ ብትሠሩት ደስ ይለኛል፤ ሰው ቤቱን የሚያውቀው እንዲህ ሲነካካው ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ቤት ስጠግን ስለሆነ፣ የማውቀውን በቁጥር ከፍዬ ጽፌልሻለሁ። ድሪል ከማንሳታችሁ በፊት ሁለታችሁም አንብቡት።

1. መጀመሪያ ግድግዳሽ ከምን እንደተሠራ እወቂ።

አዲስ አበባ ያደግሽበት ቤት ብሎኬት ነበር። ብሎኬት ላይ የፈለግሽበት ቦታ ትበሺያለሽ፣ ፊሸር ታስገቢያለሽ፣ ብሎኑን ታጠብቂያለሽ፤ አለቀ። እዚህ ግን ግድግዳው የሚቆመው በእንጨት ነው። ቋሚዎቹን ሞራሌ በያቸው፤ የዚህ አገር ሰዎች ስተድ ይሏቸዋል። በእነሱ ላይ ሰሌዳ ይመታል፤ ሠራተኛው አንዴ ድራይዎል፣ አንዴ ሺትሮክ ይለዋል። በሁለት ወፍራም ወረቀት መካከል ያለ ጂፕሰም ነው። ጎሃ ጽዮንን አልፈሽ ወደ ዐባይ በረሃ ስትወርጂ ከገደሉ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ድንጋይ ይኸው ጂፕሰም ነው፤ በጥፍርሽ ብትጭሪው ይጫራል። የሳሎን ግድግዳ ላይ የሰሌዳው ውፍረት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው።

ሰሌዳው አገሩን የሞላው በጥንካሬው እንዳይመስልሽ። ኦገስቲን ሳኬት የሚባል አሜሪካዊ የዚህን ሰሌዳ ቀዳሚ ዓይነት የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በፈረንጆች 1894 ነው፤ ሰዉ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ግድግዳውን በልስን ማሠራቱን አልተወም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተመላሹ ወታደር ቤት በጥድፊያ ሲገነባ፣ ልስን እስኪደርቅ የሚጠብቅ ትዕግሥት ጠፋና ሰሌዳው ቦታውን ወሰደ። የመጣው ለፍጥነት ነው። ቀለም ይይዛል፣ ቀለል ያለ ፎቶግራፍ ይይዛል። ያንቺ ቴሌቪዥን ግን ከነማንጠልጠያው 25 ኪሎ አካባቢ ሳይመዝን አይቀርም፤ ትክክለኛው ክብደት ካርቶኑ ላይ አለ።

2. ሞራሌውን በዓይንሽ ያየሽው ያህል ሳታረጋግጪ አትብሺ።

እዚህ ላይ ጊዜ ብትወስጂ አልቆጭም። ግማሽ ቀን ቢፈጅብሽም ይፍጅ።

ሞራሌዎቹ ብዙውን ጊዜ ከመሃል እስከ መሃል 16 ኢንች፣ ማለትም 40.6 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ 24 ኢንች የሆነበት ቤትም አለ። ሜትርሽን ዘርጊው፤ 16፣ 32፣ 48 ላይ ቁጥሩ በቀይ ተለይቶ ታገኚዋለሽ፤ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ነው። ስሙ ቱ ባይ ፎር ይባል እንጂ ተልጎና ደርቆ ሲመጣ ሞራሌው አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች ነው። ወደ ሳሎንሽ የሚዞረው ደግሞ ጠባቡ ጎን ነው። ስለዚህ ዒላማሽ 38 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመሃሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሳትሽ ባዶ ላይ ነሽ።

በርካሹ ጀምሪ። ትንሽ ግን ኃይለኛ ማግኔት በክር እሰሪና ግድግዳው ላይ ቀስ እያልሽ ጎትቺው። ሰሌዳው ሞራሌው ላይ የተመታው በብሎን ወይም በሚስማር ስለሆነ፣ ማግኔቱ የብሎኑን ወይም የሚስማሩን ራስ ሲያገኝ ልጥፍ ይላል። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጊና ከላይም ከታችም ሌላ ፈልጊ። ሦስት አራቱ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ ሞራሌው እዚያ ነው። ሶኬቱም ይነግርሻል፤ ሳጥኑ በአንድ ጎኑ ሞራሌ ላይ ይመታል፤ በግራው ይሁን በቀኙ አንኳኩተሽ ለዪ።

ሰዉ ሁሉ የሚገዛውን ስተድ ፋይንደር አልጠላውም። ግን አንዴ ጮኸ ብለሽ አትመኚው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ አስኪጂው፤ መጮህ የሚጀምርበት ሁለቱም ጠርዝ ላይ የቀለም ቴፕ ለጥፈሽ አስምሪበት። ከሰሌዳው ጀርባ ቱቦ ወይም ወፍራም ሽቦ ካለ እዚያም ይጮኻል።

የመጨረሻው ምስክር ቀጭን ሚስማር ነው። ማንጠልጠያው በሚሸፍነው ቦታ ላይ ምቺው። ባዶ ላይ ከሆነ ሰሌዳውን እስኪያልፍ ይታገልና ድንገት ስምጥ ይላል። ሞራሌ ካገኘ ግን ከሰሌዳው በኋላም በእያንዳንዱ ምት እየተቃወመ ይሄዳል፤ ስትነቅዪውም በፒንሳ ካልሆነ አይወጣልሽም። አምስት አምስት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን እየሄድሽ ሁለቱን ጠርዞች አግኚና መሃላቸውን አስምሪ። ቀዳዳው በዛ ብለሽ አትፈሪ፤ ማንም አያየውም።

ደግሞ አንዱን ካገኘሽ በኋላ ሌላውን በሜትር ብቻ አትገምቺ። በርና መስኮት አጠገብ ሞራሌ ይደራረባል፣ ርቀቱም ይዛባል። እያንዳንዱን ለየብቻው ፈትኚ።

3. ድሪሉ ብረት ከነካ እዚያው አቁሚ።

ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው። የኤሌክትሪክ ሽቦና የውኃ ቱቦ በሞራሌዎቹ ውስጥ በተበሱ ቀዳዳዎች ያልፋሉ። ቀዳዳው ለሞራሌው ፊት ከ32 ሚሊ ሜትር በላይ ከቀረበ፣ የኤሌክትሪክ ደንቡ ከፊቱ ቁራጭ ላሜራ እንዲመታበት ያስገድዳል። ስለዚህ ግማሽ ኢንች ከገባሽ በኋላ ፑንታው ከፈዘዘና ጩኸቱ ከተለወጠ፣ ያገኘሽው ያንን ላሜራ ነው። ላሜራው ደግሞ ያለምክንያት አልተመታም። ፑንታ ቀይሮ፣ ደረትን ተደግፎ መግፋት ጀግንነት አይደለም። ቦታ ቀይሪ።

ላሜራ አለመኖሩም ብቻውን አይበቃም። ከማንጠልጠያው ጋር የሚመጣው ብሎን ብዙውን ጊዜ ሁለት ተኩል ኢንች ይረዝማል፤ ሰሌዳውን አልፎ ሁለት ኢንች ያህል እንጨት ውስጥ ይገባል። ይህ ከዚያ ከ32 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ሽቦው በምን በኩል እንደሚሄድ ገምቺ። በግድግዳው በዚህም በኩል በወዲያም በኩል ያሉትን ሶኬቶችና ማብሪያዎች ተመልከቺ፤ ሽቦ ከእነሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በሞራሌው ጎን ላይ ተይዞ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ደግሞ ሞራሌዎቹን እየበሳ ይሻገራል። የሞራሌውን ትክክለኛ መሃል እንድትይዢ አጥብቄ የምለውም ለዚህ ነው፤ መሃሉን የያዘ ብሎን እንጨት ውስጥ ይቀራል፣ ወደ ጠርዙ የሄደ ግን በጎኑ ወጥቶ እዚያ የተያዘውን ሽቦ ሊያገኘው ይችላል። ከግድግዳው ጀርባ ኩሽና ወይም መታጠቢያ ቤት ካለ ቱቦም አስቢ። ስትበሺ የዚያን ክፍል ብሬከር አጥፊ፤ ድሪሉ ባለ ባትሪ ይሁን።

4. ብሎኑን በእጅሽ አጥብቂ።

ማንጠልጠያው ከሚመጣበት ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት የሚለውን የፑንታ ቁጥር ተከተዪ። የብሎኑ ውፍረት 5/16 ኢንች ሲሆን ብዙዎቹ 5.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ያዛሉ። ቀዳዳው ከጠበበ እንጨቱ ይሰነጠቃል ወይም የብሎኑ አንገት ይበጠሳል፤ ከሰፋ ደግሞ ጥርሱ የሚነክሰው ያጣል። ፑንታው ላይ በምትፈልጊው ጥልቀት ልክ ቴፕ ጠቅልዪበት።

ስትበሺ ከቀዳዳው የሚወጣውን እዪ። መጀመሪያ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ አቧራ ይፈሳል፤ ያ ጂፕሰሙ ነው። ቀጥሎ ቢጫማ፣ ተጠቅልሎ የሚወጣ የእንጨት ፍቅፋቂ መምጣት አለበት፤ የጥድ ሽታም አለው። ነጩ ብቻ ወጥቶ ፑንታው ወደፊት ስምጥ ካለ ሞራሌውን ስተሻል፤ እንደገና ወደ ሚስማሩ ተመለሽ። ፍቅፋቂው እስከ መጨረሻው ከወጣ ግን ልብሽ ይረፍ።

አንዱን ብሎን አላልተሽ አስገቢና ማንጠልጠያውን በእሱ ላይ አንጠልጥዪ። ውኃ ልክ አስቀምጠሽ ሌሎቹን ቦታዎች ያኔ ምልክት አድርጊ፤ ሁሉንም አስቀድመሽ ከበሳሽ ሳይገጥም ይቀራል። ሮንዴላውን አትርሺ። ከሁለት ሞራሌ ባነሰ አትስቀዪ፤ በእያንዳንዱም ላይ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ብሎን ይኑር። የብሎኑን ጥርስ ደረቅ ሳሙና ላይ ብታሽከረክሪው በቀላሉ ይገባል።

ባለቤትሽ በዚያ በሚያንቀጠቅጠው ኃይለኛ ድሪል ልጨርሰው ይላል፤ ወንዶች እንዲህ ነን። አትፍቀጂለት። ያ መሣሪያ እንጨቱ እምቢ ማለት ሲጀምር ለእጅ አይነግርም፤ ጥርሱን ከልክ በላይ አዙሮ የያዘውን እንጨት ይፈጨዋል፣ ወይም ማንጠልጠያውን ሰሌዳው ውስጥ ይቀብረዋል። በራቼት ቁልፍ አጥብቂ፤ ሮንዴላው ብረቱን ጨብጦ ማዞሩ ሲከብድ ተዪው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ከመውጣቱ በፊት ባዶውን ብረት በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወደ ታች ተንጠልጠዪበት። ትንሽ እንኳ ንቅንቅ ካለ ሥራው አላለቀም።

5. ፊሸርን ለፎቶግራፍ ተዪው።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ የተጠራሁበት አንድ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሶፋው ላይ ተደፍቶ ነበር ያገኘሁት። የሰቀለው ባለሙያ ነኝ ብሎ የተከፈለው ሰው ነው። አንዱ ሞራሌ አልመች ሲለው በዚያ በኩል ፕላስቲክ ፊሸር ተጠቅሟል። ፊሸሮቹ ብሎናቸውን እንደያዙ፣ የጡጫ ስፋት ያለው ጂፕሰም ከነወረቀቱ ገንጥለው ወጥተዋል። የወደቀውም በሰቀለው ቀን አይደለም፤ ለወራት ተሰቅሎ ኖሯል። ይህ ነው የሚያታልለው። ሰሌዳው ወዲያው አይለቅም፤ ስክሪኑ በተነካ ቁጥር ጂፕሰሙ ጥቂት በጥቂት እየተፈጨ ቀዳዳው ይሰፋል።

ከሰሌዳው ጀርባ ገብቶ እንደ መስቀለኛ የሚዘረጋ ብረት ያለው ብሎን አለ፤ ቶግል ይሉታል። እሱ ጥሩ ነገር ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ግን ሰሌዳው እስኪቀደድ የቻለው እንጂ በየቀኑ የሚሸከመው አይደለም፤ ከዚያ ሩቡን ብቻ እመኚ። ቶግል የሚያስፈልግሽ በተለይ ቋሚዎቹ የላሜራ ከሆኑ ነው። ረጃጅም አፓርትመንቶች ውስጥ እንዲህ ነው፤ አንዳንድ ምድር ቤትም በኋላ ሲሠራ በላሜራ ይሠራል። ማግኔትሽ ይለይልሻል፤ እንጨት ላይ ብሎኑ ባለበት ነጥብ ብቻ ይጣበቃል፣ ላሜራ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች ይጣበቃል። ለእንጨት የተሠራውን ብሎን ላሜራ ላይ አትሞክሪው፤ የሚነክሰው የለውም። ቶግሉን በላሜራው መሃል አሳልፊና ግድግዳውን ተጠግቶ የሚቀመጥ ማንጠልጠያ ብቻ ስቀዪበት።

6. የሚዘረጋው ክንድ ከቴሌቪዥኑ ይከብዳል።

እናትሽ ያዘዝሽውን ማንጠልጠያ ፎቶ ልካልኛለች፤ ወደ ፊት የሚዘረጋ፣ ወደ ኩሽናው የሚዞር ነው። ብትመልሺውና ጠፍጣፋውን ወይም ትንሽ የሚያዘነብለውን ብትወስጂ እመክራለሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ። ውኃ የሞላ ጀሪካን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ረጅም መንገድ ትሄጃለሽ፤ ክንድሽን ዘርግተሽ ያዢው ብትባዪ ግን ወዲያው ትለቂዋለሽ። ጀሪካኑ አልከበደም፤ ርቀቱ ነው። ቴሌቪዥኑ 25 ኪሎ ይሁን፤ ክንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ይዘርጋ፤ የላይኛውና የታችኛው ብሎን ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። 25ን በ60 አባዝተሽ ለ20 ስታካፍዪው 75 ኪሎ ይመጣል። የላይኞቹን ብሎኖች ከግድግዳው ነቅሎ ለማውጣት የሚስበው ኃይል በግምት ይህን ያህል ነው። የክንዱ የራሱ ክብደት ገና አልተቆጠረም፤ ልጅሽ ስክሪኑን ይዞ ቢንጠለጠልም አልተቆጠረም።

ኩሽና ሆነሽ ማየት ካማረሽ ግን እሺ፤ በሁለት ሞራሌ ላይ የሚያርፈውን ግዢ። በአንዱ ሞራሌ ብቻ የሚሰቀለው ለትንሽ ስክሪን ነው።

7. ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች ለኪ።

ርቀታቸው ቬሳ በሚባለው ደረጃ በሚሊ ሜትር ይነገራል፤ 400 በ400፣ 400 በ300፣ 200 በ200 እያለ። ማንጠልጠያው ካርቶን ላይ ያንቺ ልክ መኖሩን እዪ። ብሎኑ ኤም 6 ወይም ኤም 8 ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በእጅሽ አዙሪው፤ ጥቂት ዙር ብቻ ሄዶ ከያዘ አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ካልጠበቀ ደግሞ ረዝሟል፤ ሮንዴላ ወይም ማራራቂያ ጨምሪበት። ረጅሙን በግድ ማስገባት ስክሪኑን ከውስጥ ይወጋዋል።

8. ከፍ አታድርጊው።

የኛ ሰው ቤት ስገባ አንገቴ ይታመማል። ሥዕለ አድኅኖ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፣ ደግ ነው፤ ቴሌቪዥን ግን ሰው ተቀምጦ ነው የሚያየው። ሶፋሽ ላይ ተቀመጪ፣ ባለቤትሽ ከወለሉ እስከ ዓይንሽ ይለካ፤ የብዙ ሰው 42 ኢንች፣ ማለትም 107 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የስክሪኑ መሃል እዚያ ይዋል። ከእሳት ምድጃው በላይ አትስቀዪ፤ ከፍታውም ሙቀቱም አይስማማም። ረከቦቱንና የዕጣን ማጨሻውንም ከሥሩ አታኑሪ፤ ጭሱ በጀርባው መተንፈሻ ቀዳዳዎች ገብቶ ያጠቁረዋል።

9. የኤሌክትሪክ ገመዱን ግድግዳ ውስጥ አትቅበሪ።

ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚመጣው ገመድ በግድግዳ ውስጥ እንዲያልፍ ደንቡ አይፈቅድም፤ ሲሞቅ ማንም አያየውምና። ከስክሪኑ ጀርባ ሶኬት ከፈለግሽ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያውጣልሽ። የኤችዲኤምአይ ገመድ ማሳለፍ ይቻላል፤ ላዩ ላይ ሲኤል 2 ወይም ሲኤል 3 የሚል የታተመበትን ግዢ። ያንቺ ቤት ታውንሃውስ ስለሆነ ደግሞ ከጎረቤት ጋር የምትጋሪው ግድግዳ እሳት እንዳያሳልፍ ተብሎ በወፍራም ሰሌዳ የተሠራ ነው፤ ለገመድም ለሶኬትም ብለሽ አትቅደጂው። እኔ ብሆን ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን የፕላስቲክ ቦይ ገዝቼ በግድግዳው ቀለም እቀባው ነበር። ርካሽ ነው፣ ከሩቅም አይታይም።

10. አትሰቅዪውም ብትይ እንኳ ኮሞዲኖ ላይ ፈትተሽ አትተዪው።

ገና መራመድ የጀመረ ልጅ አለሽ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2015 «አንከር ኢት» የሚል ዘመቻ የጀመረው፣ ልጆች መሳቢያ እየረገጡ ሲወጡ ቁም ሣጥንና ቴሌቪዥን እየተገለበጠባቸው ስለሚሞቱ ነው። መኝታ ቤት ያለውን የልብስ መሳቢያም በዚያው ቀን ከሞራሌ ጋር እሰሪው። ሞራሌ መፈለግ ከተማርሽ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

11. ሲወጣ ሁለት ሰው ይያዘው።

ስክሪኑን ከታችና ከጎን ያዙ እንጂ መሃሉን አትጫኑ። ከላይ ያለውን መንጠቆ መጀመሪያ አስገቡ፣ ሁለቱም መግባታቸውን አንዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ አንዱ ብቻ ገብቶ ሌላው በጠርዙ ቆሞ የቀረበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ከዚያ የታችኛውን መቆለፊያ አጥብቁ። እስኪቆለፍ ድረስ ማንም እጁን አያንሳ፣ ልጁም ሌላ ክፍል ይቆይ።

12. ለወንድምሽ የምትነግሪው።

«እኔም ልስቀል» ማለቱ አይቀርም። እሱ ተከራይ ነው። ውሉን አንብቦ አከራዩን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ለቆ ሲወጣ ቀዳዳው ከማስያዣው ይቆረጥበታል። የተከራየው ቤት ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የቀለሙ አቧራ እርሳስ ሊኖርበት ይችላልና በዘፈቀደ አይብሳ፤ በጣም የቆየ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ሰሌዳ ሳይሆን በቀጫጭን እንጨት ላይ የተለሰነ ነው፤ ማግኔቱም ስተድ ፋይንደሩም ግራ ይጋባሉ። ለእሱ የሚሻለው ወለል ላይ የሚቆም ባለ እግር ማስቀመጫ ነው። ሰፊ እግር ያለውን ይምረጥ፤ ቤት ሲቀይርም ይዞት ይሄዳል።